የሚጥል በሽታና የአረፋው ፍርሃት

ሰው በመንገድ ላይ ወድቆ ሲንፈራገጥና አረፋ ሲደፍቅ፣ ከተመልካቹ ብዙው ወደ ኋላ ይሸሻል። አረፋው የነካው ሰው በሽታው ይጋባበታል የሚል እምነት ከጥንት ጀምሮ አለና። ከዚሁ የተነሣ በምድጃ አጠገብ የወደቀ ልጅ አንሺ አጥቶ በእሳት ይቃጠላል። በሽታው ያላደረሰበትን ጉዳት ፍርሃታችን ያደርስበታል ማለት ነው።

አረፋው ምራቅ ነው። ሕመምተኛው በዚያ ጊዜ መዋጥ ስለማይችል ምራቁ በአፉ ተጠራቅሞ ከትንፋሹ ጋር ሲናጥ አረፋ ይሆናል፤ ምላሱን የነከሰ እንደ ሆነም ደም ይቀላቀልበታል። በሽታውን ወደ ሌላ ሰው የሚያስተላልፍ አንዳች ነገር የለበትም።

የበሽታው መነሻ አንጎል ነው። የአንጎል ሕዋሳት የሚሠሩት በረቂቅ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲሆን፣ ይህ ኃይል በድንገት ሥርዓቱን ሲለቅ ሰውየው ራሱን ስቶ ይወድቃል። ምክንያቱ በወሊድ ጊዜ የደረሰ ጉዳት፣ የማጅራት ገትር ወይም የራስ መመታት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም አይታወቅም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 የታተመ የቡታጅራ ጥናት ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው አሳይቷል።

ሕመምተኛ ሁሉ ግን አይወድቅም። አንዳንድ ተማሪ በንባብ መካከል ለጥቂት ሴኮንድ ዓይኑን አፍጥጦ ይፈዝና ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል፤ ይህም በቀን ብዙ ጊዜ ይመላለስበታል። መምህራን እንዲህ ያለውን ልጅ «ልቡ እዚህ የለም» ብለው ከመቅጣታቸው በፊት ወደ ሐኪም እንዲልኩት አጥብቀን እንለምናለን።

ተማሪ በክፍል ውስጥ ቢወድቅ ወንበሩና ጠረጴዛው ይራቅለት፣ ከራሱ ሥር የታጠፈ ልብስ ይደረግለት። በጉልበት መያዝ፣ ጥርሱን በማንኪያ ለመፈልቀቅ መታገል ጉዳት ብቻ ያመጣል። ክብሪት ጭሮ ማሽተትም (ይህን ያላየ አንባቢ ያለ አይመስለንም) ሕመሙን አያቆመውም። መንፈራገጡ ጋብ ሲል በጎኑ ይተኛ፤ እስኪነቃም ሰው አይለየው። ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው።

መድኃኒቱ አለ። ፌኖባርቢታል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1912 ጀምሮ ለዚህ በሽታ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ዋጋውም ቀላል ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ተገቢውን ሕክምና ካገኙ ከ100 ሕመምተኞች እስከ 70 የሚደርሱት ከመውደቅ ይድናሉ። እኛን የሚያስቸግረን፣ ሕመምተኛው ጥቂት ወራት ሳይወድቅ ሲቀር ድኛለሁ ብሎ ክኒኑን መተዉ ነው፤ መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ከፊተኛው ብሶ ይመለሳል። ጠበል የሚጠመቅም ቢሆን ክኒኑን ሳያቋርጥ መጠመቅ ይችላል። በቤት ውስጥም እስኪሻለው ድረስ ከእሳት አጠገብ ብቻውን አይቀመጥ፤ ወንዝ ሲወርድም ጓደኛ አይለየው።