አኩሪ አተርን የዘር መስመሩን ብቻ አርሶ መዝራት፤ የትልሙ አፈር ምን መምሰል አለበት?

ሰኔ ሲጋመስ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ጃዊ ወረዳ እና በአጎራባቹ መተከል ዞን አኩሪ አተር የሚዘራበት ጊዜ ይደርሳል። በእነዚህ ቆላማ አካባቢዎች የገንዲ በሽታ በሬዎችን ስለሚያጠቃ ጥማድ የሚያጥረው አርሶ አደር ብዙ ነው። ማሳውን በሙሉ ደጋግሞ ለማረስ በሬ ሲፈለግ የመዝሪያው ጊዜ ያልፋል፤ ዘግይቶ የተዘራው ደግሞ ፍሬ በሚሞላበት ወቅት እርጥበት ያጥረዋል።

አንዱ መፍትሔ ዘሩ የሚያርፍበትን መስመር ብቻ ማረስ ነው። መስመሮቹ በ60 ሳንቲ ሜትር ከተራራቁ የሚታረሰው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ትልም ብቻ ይሆናል። ቀሪው መሬት ያለፈውን ዓመት የበቆሎ ወይም የማሽላ አገዳ እንደለበሰ ይቆያል፤ አፈሩም በጎርፍ ከመታጠብ ይድናል።

ቁም ነገሩ ያለው በትልሙ ውስጥ ነው። የአኩሪ አተር ዘር ለመብቀል የክብደቱን ግማሽ ያህል ውኃ መምጠጥ አለበት፤ ለበቆሎ ሲሦ ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ዘሩ በሁሉም ጎኑ ከደቀቀና ከረጠበ አፈር ጋር መነካካት ይኖርበታል። ጓል ወይም አገዳ በተሞላ ትልም ውስጥ ግን አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ከመጠን ያለፈ እርጥበትም ይጎዳል። ማረሻ በረጠበ ሸክላማ አፈር ሲያልፍ የትልሙን ጎን ይለስነዋል። ልስኑ ሲደርቅ ሥሩ ሊበሳው ስለማይችል በትልሙ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል፤ ትልሙም ተሰንጥቆ ዘሩን ለፀሐይና ለወፍ ያጋልጣል። በኮሌጅ የተግባር ማሳ ላይ ተቻኩለን በጭቃ ስንዘራ ያየነው ይህንኑ ነበር። መለኪያው ቀላል ነው፦ ዘሩ ከሚያርፍበት ጥልቀት አፈር ዘግኖ መጨበጥ፣ ከዚያም በጣት መንካት። ከፈረሰ ይዘራል፤ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ግን እስኪጠነፍፍ መጠበቅ ይሻላል።

የዘሩ ጥልቀት ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ነው። አኩሪ አተር በስሙ አተር ይባል እንጂ አበቃቀሉ እንደ ቦሎቄ ነው፤ ሁለቱን ክክ ተሸክሞ ይወጣል። ከባድ ዝናብ የመታው የትልሙ ፊት ሲደርቅ ከጠነከረ አንገቱ ይቀነጠሳል። በመሆኑም አፈሩን በስሱ መልሶ በእግር ቀለል አድርጎ መጫን እንጂ መደልደል አይገባም።

ሕያው ማዳበሪያ የሚጠቀም አርሶ አደር ዘሩን በጥላ ሥር ለውሶ ወዲያውኑ ይዝራ፤ ባክቴሪያዎቹ በፀሐይና በደረቅ አፈር ይሞታሉ። የፋብሪካ ማዳበሪያም ዘሩን እንዳይነካ ከጎኑ ይደረግ።

ዘዴው ያለ ችግር አይደለም። ልቅ ግጦሽና ምስጥ አገዳውን ይጨርሱታል፤ ባልታረሰው መሬት ላይ ያለው አረምም ከዘር በፊት ካልተወገደ ቡቃያውን ይቀድማል። በእኔ እይታ ልቅ ግጦሽ ባልቆመበት ቀበሌ የዘዴው ጥቅም በሬ ከመቆጠብ ብዙም አያልፍም።

ከተዘራ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ክፍተት ከታየ ትልሙን ቆፍሮ ማየት ይገባል። ዘሩ ደርቆ ከተገኘ አፈሩ አልነካውም፤ በስብሶ ከሆነ ውኃ በዝቶበታል፤ በቅሎ አንገቱ ከተቀነጠሰ የትልሙ ፊት ጠንክሯል። ምክንያቱ በጊዜ ከታወቀ ሐምሌ ሳይገፋ ክፍተቱን መልሶ መዝራት ይቻላል።