ቁስ፣ ብርሃንና ቀለም፤ በጂኦሜትራዊ ቅርጻ ቅርጽ ሙያዊ ቃላት ላይ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በአማኑኤልም ሆነ በሌሎች የጎጃም ከተሞች፣ በክብረ በዓል ቀን የመጾር መስቀል ከታቦቱ ጋር ይወጣል። መስቀሉ ማዕዘናትና ክበቦች የሚደጋገሙበት፣ መስመሮች የሚጠላለፉበት፣ ቀዳዳውም እንደ ቁሱ ሁሉ የታሰበበት ጂኦሜትራዊ ሥራ ነው። በዚህ ጽሑፍ፣ ስለ እንዲህ ዓይነት ሥራዎች የሚተረጉም ሰው የሚቸገርባቸውን ሦስት ፅንሰ ሐሳቦች እንመረምራለን።

ሀ. ቁስ። «ቅርጻ ቅርጽ» የሚለው ስያሜ «ቀረጸ» ከሚለው ግስ የወጣ በመሆኑ፣ ከቁሱ እየተቀነሰ የሚሠራውን ሥራ ያስታውሳል። ይህም ወደ 12 ሜትር ከፍታ ላለው ለላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ በሚገባ ይስማማል፤ ሕንፃው በመስቀል ቅርጽ ከአንድ ወጥ ቋጥኝ የተፈለፈለ ነውና። ከጥንታዊ የመጾር መስቀሎች ብዙዎቹ ግን በሌላ መንገድ የተሠሩ ናቸው። አንጥረኛው መስቀሉን አስቀድሞ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጣል፤ በእሳት አቅልጦ ካስወጣው በኋላ በባዶው ስፍራ የቀለጠ ነሐስ ያፈስሳል። የቅኔ መምህራን ለላይኛውና ለተሰወረው ምስጢር «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስያሜ የተዋሱት ከዚሁ ሙያ ነው። ስለዚህ «ቅርጻ ቅርጽ» የጋራ መጠሪያ ሆኖ ይቆይ፤ የአሠራሩ ልዩነት በሚፈለግበት ጊዜ ግን «ፍልፍል» እና «ቀልጦ የፈሰሰ» እየተባለ እንዲለይ እናሳስባለን።

ለ. ብርሃን። ብረት ብርሃንን መልሶ ያንጸባርቃል፤ ድንጋይ ይከለክላል፤ መስታወት ያሳልፋል። በቤተ ጊዮርጊስ ከላይኛው ረድፍ ያሉት 12 መስኮቶች ብርሃን ያስገባሉ። የታችኞቹ 9 ግን የመስኮት መልክ ይዘው የተቀረጹ ዝግ ሥራዎች ናቸው፤ ተግባራቸው በግድግዳው ላይ ጥላ መያዝ ብቻ ነው። ሁሉንም «መስኮት» ብሎ ያለፈ ተርጓሚ፣ የውስጡን ጨለማ ምክንያት ለአንባቢው ሳይነግረው ይቀራል። ለነዚህ «ድፍን መስኮት» የሚለውን መርጠናል።

ሐ. ቀለም። ከሦስቱ ሁሉ ሸክም የበዛበት ይህ ቃል ነው። ቀለም የሚጻፍበት ነው፤ የሚቀባ ነው፤ የሚነከርበት ነው፤ ከዚህም አልፎ ትምህርት ማለት ነው። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ፣ 150 ካሬ ሜትር በሚሸፍነው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት በኩል የሚያልፈው ብርሃን ወለሉን ሲያቀላው፣ ወለሉ ላይ አንዳች ቀለም የለም። ለሚታየው «ኅብር»፣ ለሚቀባው «ቀለም» ይባል ብንል፣ ኅብር በቅኔ ቤት አንድ ቃል ሁለት ምስጢር የሚይዝበት የቅኔ ዓይነት ነውና የጎጃም አንባቢ አስቀድሞ የሚያስበው ይህንኑ ነው።

እኛ እንደምናየው መፍትሔው በስም ላይ ብቻ አይደለም። አማርኛ «ቀላ፣ ነጣ፣ ጠቆረ» የሚሉ ግሶች አሉት። «ወለሉ ቀላ» የሚለው የታየውን፣ «ወለሉ ቀይ ተቀባ» የሚለው የተደረገውን ይናገራል፤ ሁለቱን የሚያደናግር አንባቢ የለም። ሰማያዊን ለመሰለ፣ የራሱ ግስ ለሌለው ግን «ኅብር» በመጀመሪያ አገባቡ ተፈትቶ ቢገባ ይሻላል። ተርጓሚ ለባዕድ ስም ስም ብቻ ከመፈለጉ በፊት፣ ነገሩ እንዴት እንደተሠራና ለዓይን እንዴት እንደሚታይ ቢጠይቅ፣ ቃሉን ብዙ ጊዜ ከአንጥረኛውና ከቅኔ ቤቱ ዘንድ ያገኘዋል።