«ሒሳብ ድሮ ተሠርቶ ያለቀ አይደለም እንዴ?»

ኑኑ ቁምባ ባሉ ዘመዶቼ ቤት ሰሞኑን ክርክር ተነስቷል። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሒሳብ ማጥናት ትፈልጋለች። አባቷ «ጤና ይሻላል፤ ሒሳብ ምን እንጀራ ያበላል?» ይላሉ። አያቷ ደግሞ «ሒሳብ ድሮ ተሠርቶ ያለቀ አይደለም እንዴ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁለቱም ጥያቄዎች መልስ ይገባቸዋል።

ከአያቷ ልጀምር። ጥጥ የፈተሉ እናቶች ውሉ የጠፋበት ልቃቂት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያውቃሉ። ቶፖሎጂ በሚባለው የሒሳብ ዘርፍ ውስጥም ስለ ቋጠሮ ብቻ የሚመራመሩ ሊቃውንት አሉ። ጥያቄያቸውን ቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። አንድ ክንድ ሲባጎ ቋጥሩና ሁለቱን ጫፎች በፕላስተር አያይዙ። ይህ ቋጠሮ ሳይቆረጥ እንደማይፈታ በሒሳብ ተረጋግጧል። ክሩ በጣም ሲወሳሰብስ? ይፈታ አይፈታ እንደሆነ የሚለዩ ዘዴዎች አሉ፤ ውስብስቡ በጨመረ ቁጥር ግን የሚወስዱት ጊዜ ያሻቅባል። ለማንኛውም ቋጠሮ ሁልጊዜ ፈጣን የሆነ ዘዴ መኖሩን እስካሁን ያረጋገጠ የለም። ስለዚህ እማማ፣ ሒሳብ ገና አላለቀም።

የሚፈቱትም ሁልጊዜ ሽማግሌ ሊቃውንት አይደሉም። እንግሊዛዊው ጆን ኮንዌይ ባጠናው ባለ 11 መሻገሪያ ቋጠሮ ላይ የተነሳ አንድ ጥያቄ ለ50 ዓመት ያህል መልስ አጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረችው ሊሳ ፒቺሪሎ በትርፍ ጊዜዋ ሞክራ አንድ ሳምንት ሳይሞላ መለሰችው።

አሁን ወደ እንጀራው። የቋጠሮ ጥናት የተስፋፋው በተሳሳተ ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1867 ሎርድ ኬልቪን አተሞች ቋጠሮ ሳይሆኑ አይቀሩም አሉ። ስኮትላንዳዊው ፒተር ቴት ይህን ተከትለው ቋጠሮዎችን በየዓይነቱ መዘገቡ። የኬልቪን ሐሳብ ውድቅ ሆነ፤ የቋጠሮው ሒሳብ ግን ያለ ምንም ጥቅም ቀጠለ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ጥቅሙ ከሰውነታችን ውስጥ ተገኘ። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ያለው ዲ ኤን ኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ታጥፎና ተጠምዝዞ ስለሚቀመጥ ይወሳሰባል። ቶፖአይሶሜሬዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ይቆርጡታል፣ ያሳልፉታል፣ መልሰው ይቀጥሉታል። ተመራማሪዎች እነዚህ ኢንዛይሞች ምን እንደሚሠሩ ለመረዳት የቋጠሮን ሒሳብ ተጠቀሙበት። ከየመድኃኒት ቤቱ የምንገዛው ሲፕሮፍሎክሳሲንም ባክቴሪያን የሚገድለው የባክቴሪያውን እንዲህ ያለ ኢንዛይም በማሰናከል ነው።

ለአባቷ ሒሳብ ሀብታም ያደርጋታል ብዬ አልዋሽም። ብዙዎቹ የሒሳብ ምሩቃን መምህራን ይሆናሉ፤ ለነቀምቴም ሆነ ለኑኑ ቁምባ ልጆች ጥሩ የሒሳብ መምህር ትንሽ ነገር አይደለም። ጤና እንድታጠና የሚሹ አባት ግን አንድ ነገር ቢያስቡልኝ እወዳለሁ፤ ሐኪሙ የሚያዝዘው መድኃኒት እንዴት እንደሚሠራ እንድናውቅ ካገዙን መካከል ጥቅሙን ሳያዩ ቋጠሮ ሲቆጥሩ የኖሩ ሰዎች ይገኙበታል።

ወላጆች፣ ልጃችሁ መልሱን የማታውቁትን ጥያቄ ሲጠይቃችሁ «ይህ ለምን ይጠቅማል?» ከማለታችሁ በፊት «እስቲ አብረን እንሞክረው» በሉት። ሲባጎው ከየቤቱ አይጠፋም።