ለሐኪም የተሸሸገ ሕመም

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» እያሉ አባቶቻችን ሲተርቱ የኖሩት በከንቱ አይደለም። ይልቁንም ነገሩ የሴቶች ሕመም በሆነ ጊዜ ኀፍረት አፍን ስለሚይዝ፥ የተረቱ እውነት አብልጦ ይታያል።

ልማደ አንስት ለአካለ መጠን በደረሰች ጤነኛ ሴት አብዛኛውን ጊዜ ከ21 እስከ 35 ቀን ባለው ውስጥ ይመላለሳል። ጥቂት ቀን ቢዘገይ የሚያስደነግጥ አይደለም። የቀረ እንደ ሆነ ግን አስቀድሞ ፅንስ መኖር አለመኖሩ በምርመራ ይታወቅ። ፅንስ ሳይኖር 3 ወር የቀረባት ሴት፥ ወይም 15 ዓመት ሞልቷት ገና ያላየች ልጅ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባታል።

የመቅረቱ ምክንያት ብዙ ነው። ማጥባት፥ የምግብ ማነስና መክሳት፥ ከመጠን ያለፈ ድካም፥ ብርቱ ሐዘንና ጭንቀት፥ በአንገት ያለችው የታይሮይድ ዕጢ መታወክ፥ ወሊድን ለመቆጣጠር የሚወሰድ መርፌ፥ እነዚህ ሁሉ ሊያስቀሩት ይችላሉ። በ50 ዓመት ገደማ ደግሞ በተፈጥሮ ሥርዐት ይቆማል፤ ከ40 ዓመት በፊት ቢቆም ግን ሊመረመር ያስፈልጋል። እንግዲህ የቀረባትን ሁሉ «ፀንሳለች» ብሎ ማማት ታላቅ በደል ነው።

ሐኪም መጨረሻ የታየበትን ቀን፥ ሥራ ሥሩ ሳይቀር የተወሰደውን መድኃኒት፥ ከወንድ ጋራ መገናኘት መኖሩንም ይጠይቃል። ይህን የሚጠይቀው ለመንቀፍ ሳይሆን ምክንያቱን ለመለየት ነው። ልጂቱ በእናትዋ ፊት አፍራ እውነቱን ብትሸሽግ ሐኪሙ ይሳሳታል፤ ፅንሱ ከማሕፀን ውጭ ተቀምጦ እንደ ሆነም ደም በሆድ ውስጥ ፈስሶ ሕይወቷ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ከቀረባት በኋላ ብርቱ የሆድ ሕመም ወይም ራስን መሳት ያገኛት ሴት ያንኑ ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ትወሰድ። ሐኪሙን ለብቻዋ ለማነጋገር ብትፈልግ ይፈቀድላት፤ ሐኪምም ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

የመሥሪያ ቤት አለቆች ሆይ፥ ሠራተኛዪቱን በሰው ፊት ሳትመረምሩ ለመታከሚያ ፈቃድ ስጧት። የንስሐ አባቶችም ሆይ፥ ብዙ ሴቶች ለባል ያልነገሩትን ለእናንተ ይናገራሉና ጸሎታችሁን ሳታጓድሉ ወደ ሐኪም ምሯቸው። 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችው ሴት እየተንቀጠቀጠች ነገሯን በሕዝብ ፊት በገለጠች ጊዜ በሰላም ተሰናበተች እንጂ አልተነቀፈችም፤ ይህንም ከጻፉልን አንዱ ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበረ።