ሰባቱ ኪሎ ለማን ምን ያህል ያወጣል?

ከሐራ ወደ አዲስ አበባ የሚነሳ መንገደኛ ጓዙን በሁለት ይከፍለዋል። ማዳበሪያውና ካርቶኑ ፖርቶ መጋላ ላይ ይወጣል፤ ገንዘብና ሰነድ ያለበት ቦርሳ ግን ከጭኑ አይወርድም። ከመርሳም ሆነ ከወልዲያ የተሳፈረ ሁሉ ይህን ደንብ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ቦሌ ሲደርስ ይኸው ልማድ ሚዛን ላይ ይወጣና ዋጋ ይቆረጥለታል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለኢኮኖሚ ክፍል መንገደኛ የሚፈቅደው ከ7 ኪሎ የማይበልጥ፣ መጠኑም ከ55 በ40 በ23 ሳንቲ ሜትር የማያልፍ አንድ የእጅ ሻንጣ ነው። የቢዝነስ ክፍል መንገደኛ እንዲህ ያለ ሁለት ይዞ መግባት ይችላል። ሚዛኑ አንድ ይሁን እንጂ መንገደኞች ለእነዚህ 7 ኪሎዎች የሚሰጡት ግምት እጅግ የተራራቀ ነው።

ሻንጣ እንደ ካዝና

ከሐብሩና ከሌሎች የሰሜን ወሎ ወረዳዎች ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚሄደው ወጣት ብዙ ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከዚያች አገር ሲመለሱ፣ ያፈሩትን ንብረት ሰብስበው ለመምጣት ጊዜ ያላገኙት ጥቂቶች አልነበሩም። ስለዚህም ከጅዳ ወይም ከሪያድ ለምትመለስ ሠራተኛ የእጅ ሻንጣ የምቾት ጉዳይ አይደለም። ብርድ ልብሱና ድስቱ ከአውሮፕላኑ ሆድ ይጫን፤ ወርቁ፣ ስልኩና የሥራ ውሉ ግን ከዓይኗ እንዲርቅ አትፈልግም።

ሻንጣ እንደ ጭነት

ወደ ዱባይና ጓንጁ የሚመላለሰው ነጋዴ ሒሳቡ ሌላ ነው። ለእርሱ 7 ኪሎ ማለት በቲኬቱ ውስጥ የተከፈለበት ካርጎ ነው። ከባዱንና ርካሹን ወደ ታች ይልክና ቀላሉንና ውዱን፣ ለምሳሌ የሞባይል መለዋወጫን፣ በእጁ ይይዛል። ትርፍ ኪሎ ያለው መንገደኛ የሌላውን ዕቃ በክፍያ ማድረሱም የተለመደ ነው። ሆኖም ሁለት ነገር መዘንጋት የለበትም። የጉምሩክ ሠራተኛ የሚመለከተው ሻንጣው የተቀመጠበትን ቦታ ሳይሆን የዕቃውን ዓይነትና ብዛት ነው። በሻንጣው ውስጥ ለተገኘው ነገር በቅድሚያ የሚጠየቀውም የላከው ሰው ሳይሆን የያዘው መንገደኛ ነው።

ሻንጣ እንደ ሸቀጥ

በምዕራቡ ዓለም ደግሞ ቦታው ራሱ ለገበያ ቀርቧል። የአሜሪካው ስፒሪት እ.ኤ.አ. በ2010 ከመቀመጫ በላይ ለሚቀመጥ ሻንጣ ማስከፈል ጀመረ። የአየርላንዱ ራያንኤርም በ2018 በነፃ የሚፈቅደውን ከመቀመጫ ሥር በሚገባ ትንሽ ቦርሳ ወሰነ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2014 ክብደቱና መጠኑ ተገቢ የሆነ የእጅ ሻንጣ ሊከፈልበት እንደማይገባ ገልጾ ነበር። ስፔንም በኅዳር ወር 2024 አምስት አየር መንገዶችን በድምሩ 179 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣች፤ ኩባንያዎቹ ግን ቅጣቱን አልተቀበሉትም። አውሮፓዊው መንገደኛ ሻንጣውን ከጎኑ የሚያደርገው በአብዛኛው ክፍያውንና በመድረሻው ወረፋ መጠበቁን ሽሽት እንጂ ሀብቱ ሁሉ በውስጡ ስላለ አይደለም።

ሕጉና ስጋቱ

በ2024 በዓለም ዙሪያ ከ1,000 መንገደኞች 6.3 ሻንጣዎች መዘግየት፣ መጥፋት ወይም ጉዳት እንደገጠማቸው ሲታ የተባለው ድርጅት አስታውቋል። አሃዙ በ2007 ወደ 19 ይጠጋ ነበር። ስጋቱ ቀንሷል ማለት ነው። ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት፣ ለጭነት የተረከበው ሻንጣ ቢጠፋ አየር መንገዱ ጥፋት ባይኖርበትም እንዲጠየቅ ያደርጋል። የእጅ ሻንጣ ሲሆን ግን የሚጠየቀው ጥፋቱ የእርሱ ከሆነ ብቻ ነው። የካሳው ጣሪያ ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮ 1,519 ኤስዲአር፣ ማለትም ወደ 2,000 ዶላር ገደማ ነው። እንግዲህ በእጅ የያዙት ሁሉ ዋስትና ያለው ይመስላል እንጂ ጥበቃው የባለቤቱ ነው። ወርቅና ጥሬ ገንዘብ ለጭነት እንዳይሰጡ አየር መንገዶች ራሳቸው ስለሚመክሩም፣ ተመላሿ በዚህ ረገድ አልተሳሳተችም።

ከባዱ ሒሳብ የሚመጣው አደጋ ሲደርስ ነው። አንድ የመንገደኛ አውሮፕላን ከመውጫዎቹ ግማሹ ተዘግተውም ቢሆን በ90 ሴኮንድ ውስጥ ሰው ማስወጣት መቻሉ መረጋገጥ አለበት፤ ስሌቱ ሻንጣ የሚጎትት ሰው አይጨምርም። በጥር 2024 ቶኪዮ ላይ በእሳት ከተያያዘው የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን 379ኙም ሰዎች በሕይወት የወጡት ጓዛቸውን ጥለው ነው። በነሐሴ 2016 ዱባይ ላይ ከተቃጠለው የኤምሬትስ አውሮፕላን ሲወጡ ግን ሻንጣቸውን ለማውረድ የታገሉ ነበሩ።

የዓመታት ድካሙ ሁሉ ከራሱ በላይ የተሰቀለበትን ሰው «ጥለህ ውጣ» ማለት ቀላል፣ መፈጸሙ ግን ከባድ ነው። መፍትሔው የሚጀምረው ከመሳፈር በፊት ነው። ፓስፖርትና ስልክ በኪስ ይያዛል፤ የሰነድ ቅጂ ለቤተሰብ ቀድሞ ይላካል፤ ደመወዝ በየወሩ በባንክ ይገባል። በባንክ የተላከ ገንዘብ ኪሎ የለውም።