የ«ሬድ ሬድ ዋይን» ዳግመኛ መነሣት

አንድ አሮጌ ዘፈን ከዓመታት ዝምታ በኋላ እንደ ገና በራዲዮ ሲሰማ፤ ምክንያቱን የሚያስረዳ ወሬ አብሮት ይወለዳል። ወሬው አጭርና ጣፋጭ ስለሚሆን የሚመረምረው ሰው ጥቂት ነው። «ሬድ ሬድ ዋይን» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዩቢ ፎርቲ የተባለው የበርሚንግሃም የሙዚቃ ጓድ ይህን ዘፈን በ1983 አውጥቶ በእንግሊዝ አገር የአንደኝነትን ደረጃ አገኘ። በአሜሪካ ግን በ1984 ከ34ኛው ደረጃ አላለፈም። ከአራት ዓመት በኋላ፤ ኦክቶበር 15 ቀን 1988፤ በዚያው በአሜሪካ አንደኛ ሆነ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

ብዙዎች የሚሰጡት መልስ፤ ጁን 11 ቀን 1988 በለንደን ዌምብሌይ ስለ ኔልሰን ማንዴላ 70ኛ ልደት የተደረገው ታላቅ ትርኢት ነው የሚል ነው። ጓዱ በትርኢቱ መዝፈኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ከሌላው ስለ ቀደመ ብቻ ምክንያቱ ነው ሊባል አይቻልም። የአሜሪካውን መንገድ ብንከተል የምንደርሰው ፊኒክስ ከተማ ነው። በዚያ የኬ.ዜድ.ዜድ.ፒ. ራዲዮ ጣቢያ የፕሮግራም ኃላፊ የነበረው ጋይ ዛፖሊየን ዘፈኑን ደጋግሞ አሰማ፤ አድማጮችም በብዛት ይጠይቁት ጀመር። የሸክላ ኩባንያው አሮጌውን ሥራ እንደ ገና ለማስተዋወቅ የተነሣው ይህን አይቶ ነው። ትርኢቱ ጆሮን አዘጋጅቶ ይሆናል፤ በሩን የከፈተው ግን ጣቢያው ነው።

ደግሞም በ1988 የተሰማው በ1984 ከተሰማው ጋር በሙሉ አንድ አልነበረም። አስትሮ የተባለው የጓዱ አባል በሙዚቃው ምት እየተናገረ የሚያሰማው ክፍል ከፊተኛው ተቈርጦ ነበር፤ በኋለኛው ግን ተመልሷል።

የደራሲውም ስም አሳስቶ ነበር። ጓዱ ዘፈኑን ያወቀው ቶኒ ትራይብ በ1969 በሬጌ ካወጣው ሸክላ ነው። ደራሲው «ኤን. ዳይመንድ» ተብሎ ተጽፎ ስላዩ፤ «ኔገስ ዳይመንድ» የሚባል የጃማይካ ሰው መሰላቸው። ቃሉ የእኛው «ንጉሥ» ነው፤ ራስ ተፈሪያውያን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ስለሚያከብሩ በጃማይካ የታወቀ ነበር። እውነተኛው ደራሲ ግን ዘፈኑን በ1967 ያወጣው አሜሪካዊው ኒል ዳይመንድ ነው።

እንግዲህ ስለ ዘፈን የሚጽፍ ተማሪ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ መቼ ተሰማ? የትኛው ቅጂ ተሰማ? የማን ሥራ ነው? ይህን ሳይጠይቅ ቢጽፍ የአንዱን ድካም ለሌላው ይሰጣል።