«ጉግል ድራይቭ ላይ አለ» ማለት ባክአፕ አለን ማለት ነው?

ብዙ መስጂዶችና መድረሳዎች የተማሪዎችን መዝገብ፣ የዘካ ተቀባዮችን ዝርዝርና የኡስታዞችን ደርስ ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ ከጀመሩ ቆይተዋል። «ባክአፕ አላችሁ?» ሲባሉ የሚመልሱት አብዛኛውን ጊዜ «ጉግል ድራይቭ ላይ አለ» ብለው ነው። መልሱ ግማሹ ብቻ ልክ ነው።

እንደ ጉግል ድራይቭና ዋንድራይቭ ያሉት አገልግሎቶች ኮምፒውተር ላይ ሲጫኑ ዋና ሥራቸው ማመሳሰል ነው፤ እዚህ ያለው ፎልደር ኢንተርኔት ላይ ካለው ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆን ያደርጋሉ። ኮምፒውተሩ ቢሰረቅ ፋይሉ ይተርፋል፤ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ችግሩ ስህተቱንም ጭምር ማመሳሰላቸው ነው። ጸሐፊው የዘካ ዝርዝሩን ሳያውቅ ቢሰርዘው ከክላውዱም ይሰረዛል። ጉግል ድራይቭ የተሰረዘን ፋይል መጣያው ውስጥ የሚያቆየው 30 ቀን ነው። ስለዚህ ሻዕባን መግቢያ ላይ የጠፋ ዝርዝር ረመዳን አጋማሽ ላይ ቢፈለግ አይገኝም። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ሲገባም የተቆለፈው ፋይል በጤነኛው ቦታ ይተካል።

ቦታውም ውስን ነው። በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ኢሜይልና ፎቶንም ይጨምራል። የአንድ ሰዓት ደርስ ድምፅ በ64 ኪሎቢት ጥራት 29 ሜጋባይት ያህል ስለሚይዝ፣ 500 ሰዓት ደርስ ብቻውን ሊሞላው ይቃረባል። ቪዲዮማ አይነሳ።

በእኛ ዘንድ ግን ከሁሉም የሚያሰጋው አካውንቱ የአንድ ሰው መሆኑ ነው። አንድ ወጣት በራሱ ስልክ ቁጥር ይከፍተዋል፤ ወደ ሳዑዲ ይሄዳል፣ ቁጥሩ ይዘጋል፣ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ይጠፋል። ጉግል ደግሞ 2 ዓመት ያልተነካ የግል አካውንትን ከነይዘቱ ሊሰርዝ ይችላል።

ክላውድ የሚባለውም ቢሆን የሆነ ሕንጻ ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ነው። በመጋቢት 2021 (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳይ ስትራስቡርግ የሚገኝ የኦቪኤች ኩባንያ የመረጃ ማዕከል ተቃጥሎ፣ ሌላ ቅጂ ያልነበራቸው ደንበኞች መረጃቸውን አጥተዋል። በአገራችንም በ2012 ሰኔ መጨረሻ እንደሆነው ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ፣ ክላውድ ላይ ብቻ ያለ ፋይል ከእጅ ውጪ ነው።

ክላውዱን ተዉት አንልም፤ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ጨምሩበት ነው የምንለው። በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ሐሙስ፣ ቀኑ የተጻፈበት አዲስ ፎልደር ከፍታችሁ ገልብጡ፤ በአሮጌው ላይ አትደርቡ። ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ንቀሉት፤ ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ቫይረሱ ያገኘዋል። ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ቁምሳጥን ውስጥ ሳይሆን ከኮሚቴው አባላት የአንዱ ቤት ይቀመጥ። የዘካ ተቀባዮች ስም አማና ስለሆነ ዲስኩ በይለፍ ቃል ይቆለፍ፤ ቃሉንም ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይያዙት። በየሁለትና ሦስት ወሩም ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ጥቂት ፋይሎች ከፍታችሁ እዩ፤ ተገልብጧል የተባለ ፋይል አልከፈት የሚልበት ጊዜ አለ።